የአቦሸማኔ ዓይን ለምን ይታመማል?



ድመታችሁ ስታስነጥስ፣ ዓይኗም እንባና ዓይናር ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ይህን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ፣ እጅግ ረቂቅ የበሽታ ዘር ነው። ይህኛው የድመት ኸርፐስ ይባላል። አንበሳና አቦሸማኔም የድመት ዘመዶች ስለሆኑ ይይዛቸዋል። ሰውን ግን አይዝም።

እንዴት ይተላለፋል?

በታመመው እንስሳ እንባ፣ ንፍጥና ምራቅ ይተላለፋል። መጀመሪያ ዓይን ይቀላል፣ ያብጣል። ከዚያ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ብርሃን ይጋርዳል፤ ሲብስም ያሳውራል።

ለምን ይመላለሳል?

ማታ እሳት ስታዳፍኑ የጠፋ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ስትገልጡት ግን ፍሙ አለ፣ አይደል? ቫይረሱም እንደዚሁ ነው። እንስሳው የዳነ ሲመስል በነርቩ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። እንስሳው ሲጨነቅ ወይም ሲጎሳቆል እንደገና ይነሣል። መድኃኒት ያስታግሠዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም።

በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲ የሚኖሩ አንበሶች ደማቸው ሲመረመር ቫይረሱ ያልነካቸው ጥቂት ነበሩ። እንዲያም ሆኖ እያደኑ፣ ደቦል እያሳደጉ ይኖራሉ። በአጥር የተያዘ አቦሸማኔ ግን በሽታው እየተመላለሰ ዓይኑንና እንባ የሚወርድበትን የፊቱን ቆዳ ሊያቆስለው ይችላል።

ይህ እኛን ምን አገባን?

የአቦሸማኔ ደቦሎች ከአገራችን ምሥራቃዊ ቆላና ከሶማሊያ እየተወሰዱ በባሕር ወደ ዓረብ አገሮች በድብቅ ይሸጣሉ። ረሃቡ፣ ፍርሃቱና መታጨቁ የተዳፈነውን በሽታ ይቀሰቅሰዋል። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,000 ያህል ብቻ ናቸው።

ፍየል የተበላበት ሰው ቢናደድ እውነት አለው። አቦሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው በቀን ነው። ስለዚህ ፍየሎቻችሁን ያለ እረኛ አትልቀቁ። ደቦሉን ግን ከእናቱ አትለዩት። ብቻውን ብታገኙትም እናቱ ለአደን ሄዳ ይሆናል፤ ሳትነኩት እለፉ። ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ ካለም ለቀበሌ አስታውቁ።

ጥያቄ

1. ቫይረሱ ከምን ጋር ተመሳሰለ? ለምን?
2. ደቦል ብቻውን ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?