ልጅ ለዘገየባቸው ባለትዳሮች መታወቅ ያለበት የማሕፀን ምርመራ

በየአጥቢያው የንስሐ አባቶች ዘወትር ከሚሰሟቸው ጭንቀቶች አንዱ የልጅ መዘግየት ነው። ጋብቻው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ቤተ ዘመድ መጠየቅ ይጀምራል፤ ጎረቤት ያንሾካሹካል፤ ጥያቄውም ሁሉ ወደ ሚስት ያመራል። አንዳንዱ ትዳር ምክንያቱ ሳይመረመር ይፈርሳል፤ አንዳንዷም እናት ለመሆን እየተመኘች ያለ ጥፋቷ ተወቅሳ ትኖራለች።

በዚህ የትምህርት ጽሑፍ ከልጅ መዘግየት ምክንያቶች መካከል አንዱን ብቻ ለይተን እንመለከታለን። እርሱም ሥር የሰደደ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን መቆጣት፣ ሐኪሞች ክሮኒክ ኢንዶሜትራይተስ የሚሉት ሕመም ነው። ይህን የመረጥነው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ በተለመደው ምርመራ ስለማይገኝ፣ ከተገኘ ግን በመድኃኒት ሊድን ስለሚችል ነው። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሐኪም እንዲሆኑ አንጠይቅም፤ ምእመናንን በጊዜው ወደ ትክክለኛው ቦታ ለመምራት የሚያስችል ዕውቀት እንዲይዙ ግን እንሻለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ማሕፀን በውስጡ ስስ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ እርግዝና ካልተከተለ ከወር አበባ ጋር ይወርዳል፤ ከዚያም ከሥሩ እንደገና ይታደሳል። ጽንስ ሲፈጠር የሚያርፍበትና ሥር የሚይዝበት ቦታ ይኸው ነው። ዘሩ ደኅና ቢሆንም ማሳው ካልተዘጋጀ ቡቃያው እንደማይጸና ሁሉ፣ የታመመ ሽፋንም ጽንስ እንዳይጣበቅበት ወይም ከተጣበቀ በኋላ እንዳይጸና ሊያደርግ ይችላል።

ድንገተኛ የማሕፀን ኢንፌክሽን በትኩሳት፣ በብርቱ የሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ባለው ፈሳሽ ራሱን ይገልጣል። ሥር የሰደደው ግን በዝግታ የሚኖር ነው። ተህዋስያን በሽፋኑ ውስጥ ሲቆዩ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ከእነዚህም መካከል ፕላዝማ ሴል የሚባሉት የሕመሙ ዋና መለያ ናቸው፤ በጤነኛ ሽፋን ውስጥ እምብዛም አይገኙምና።

ለሕመሙ መነሻ ከሚሆኑት ተህዋስያን መካከል ኢ. ኮላይ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ኢንቴሮኮከስ፣ ማይኮፕላዝማና ዩሪያፕላዝማ ይገኙበታል። የአባላዘር በሽታ የሆኑት ክላሚዲያና ጨብጥም መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በማሕፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ሁኔታ የተፈጸመ የማዋለድ ሥራም መንገድ ይከፍታሉ።

እዚህ ላይ ካህናት አባቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከእነዚህ ተህዋስያን ብዙዎቹ በማንኛውም ጤነኛ ሰው አንጀትና አካል ላይ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ ተገኘ ማለት ነውር ተገኘ ማለት አይደለም። የምርመራው ውጤት በባልም ሆነ በሚስት ላይ የክስ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

ለምን ተደብቆ ይቆያል?

ብዙዎቹ ታማሚዎች ምንም አይሰማቸውም። የሚሰማቸውም ቢሆኑ ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከእምብርት በታች አልፎ አልፎ የሚሰማ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ በሁለት የወር አበባ መካከል ጥቂት ደም መታየት። እናቶቻችን እነዚህን “የሴት ነገር ነው” ብለው በትዕግሥት ያልፏቸዋል።

ደም ከጊዜው ውጪ የሚታያት ሴት ከቤተ መቅደስ መግባትና ከመቍረብ ልትርቅ ትችላለች፤ ምክንያቱንም አፍራ አትናገርም። በዚህ የተነሣ ከጤና ባለሙያ አስቀድሞ መራቋን የሚያስተውለው የንስሐ አባቷ ሊሆን ይችላል። “ለምን ራቅሽ?” ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ “አሞሽ ይሆን፣ ልጄ?” ብሎ በለሆሳስ መጠየቅ የሕክምናው የመጀመሪያ በር ሊሆን ይችላል።

የተለመዱት ምርመራዎችም ይህን ሕመም አያረጋግጡም። አልትራሳውንድ የማሕፀንን ቅርጽ፣ ዕጢንና የእንቁላል ማምረቻን ያሳያል፤ በቀለም የሚነሣው የማሕፀን ራጅ ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን ይገልጣል። ሁለቱም ግን በሽፋኑ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ማየት አይችሉም። ስለዚህ “አልትራሳውንድ ተነሥቼ ምንም የለም ተባልኩ” የምትል ሴት ምርመራዋ አልቋል ማለት አይደለም።

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ደንብ ባልና ሚስት አብረው መሄዳቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ያለ እርግዝና መከላከያ በመደበኛ ግንኙነት 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ እርግዝና አለመገኘት ብሎ ነው። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ግን ሐኪሞች ከ6 ወር በኋላ ምርመራ እንዲጀመር ይመክራሉ። ድርጅቱ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ ከ6 አዋቂዎች 1 ያህሉ በዕድሜው ይህ ችግር እንደሚያጋጥመው አስታውቋል። ከችግሩም ግማሽ ያህል በሚሆነው ውስጥ የባል ጤና ብቻውን ወይም ከሚስት ጋር ድርሻ አለው። የባል ዘር ምርመራ ቀላልና ሕመም የሌለበት ስለሆነ፣ ሚስት ወደ ከባዱ ምርመራ ሳትገባ አስቀድሞ መደረግ ይገባዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ታሪክን በጥንቃቄ መጠየቅና መሠረታዊ ምርመራ ማድረግ ነው። ያለፈ ወሊድ፣ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የነበረ ትኩሳት፣ የአባላዘር በሽታ፣ የቲቢ ሕመም በራስም በቤተሰብም መኖሩ ይጠየቃል። ባለትዳሮች ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቁ እንዲናገሩ ማበረታታት ይገባል።

ሦስተኛው ደረጃ ከሽፋኑ ናሙና መውሰድ ነው። ይህ ልጅ ለዘገየባት ሴት ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም። ጽንስ በተደጋጋሚ ለወረደባት፣ በሰው ሠራሽ መንገድ የተዘጋጀ ጽንስ ወደ ማሕፀን ገብቶ በተደጋጋሚ ላልጸናላት፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ደኅና ሆኖ ምክንያቱ ላልታወቀ፣ ወይም ያልተለመደ ደም ለሚታያት ሴት ሐኪም ሊያስበው ይችላል። እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በማሕፀን በር ገብቶ ጥቂት ሥጋ ይወሰዳል። ሥራው ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሲሆን የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሕመም ሊሰማ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም የወር አበባው ካበቃ በኋላ እንቁላል ሳይወጣ፣ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የወር አበባ በቀረበ ጊዜ ሽፋኑ በተፈጥሮው ስለሚለዋወጥ ንባቡን ያስቸግራልና።

ናሙናው በፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በተለመደው ማቅለሚያ ፕላዝማ ሴሎች ከሌሎች ሕዋሳት ጋር ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ አቅሙ ባለበት ላቦራቶሪ ሲዲ 138 የተባለውን ምልክት ለይቶ የሚያወጣ ልዩ ማቅለሚያ ይጨመራል። ከዚህ ጋር ሂስተሮስኮፒ የሚባለው፣ በቀጭን ካሜራ የማሕፀንን ውስጥ በዓይን የማየት ምርመራ ይረዳል። ሐኪሙ የሽፋኑን መቅላት፣ ማበጥና ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሱ ጥቃቅን ቡቃያ መሰል እብጠቶችን ይፈልጋል። እነዚህ ጥርጣሬን ያጠናክራሉ፤ ማረጋገጫው ግን ከናሙናው ጋር ሲገናኝ ነው።

ምን ያህል ፕላዝማ ሴል ሲገኝ ሕመም ይባላል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ሁሉ በአንድ ቍጥር አልተስማሙም። ስለዚህ የውጤት ወረቀት ብቻውን ይዞ ከመደናገጥ ወይም መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ፣ ያዘዘው ሐኪም ከታሪኩ ጋር አገናዝቦ እንዲተረጕመው ማድረግ ያስፈልጋል።

በአገራችን የማይረሳው ምክንያት፦ የማሕፀን ቲቢ

ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ የሳንባ ብቻ ሕመም አይደለም፤ በደም ተጉዞ ወደ ማሕፀን ቱቦዎች፣ ከዚያም ወደ ማሕፀኑ ሽፋን ይደርሳል። ያለ ሳልና ያለ ትኩሳት ለዓመታት ሊቆይ፣ ቱቦዎችን ሊዘጋና ሽፋኑን ሊያጠፋ ይችላል። የወር አበባ እያነሰ መሄድ ወይም መቅረት አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የቲቢ ምርመራ ከላይ ከገለጽነው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ጊዜው ነው። ሽፋኑ በየወሩ ስለሚወርድ የቲቢ ቁስል ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ናሙናው የወር አበባ ሊመጣ ሲቃረብ ቢወሰድ ይመረጣል። ሁለተኛው አያያዙ ነው። ለማይክሮስኮፕ የሚሄደው ክፍል በፎርማሊን ይቀመጣል፤ ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት የሚሄደው ግን ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፤ ፎርማሊን ተህዋሲውን ይገድላልና። ጂን ኤክስፐርት በሰዓታት ውስጥ ውጤት ሲሰጥ ካልቸር ሳምንታት ይወስዳል። በማሕፀን ያለው ተህዋሲ ጥቂት ስለሆነ አንድ ምርመራ “የለም” ቢል እንኳ ሐኪሙ ሌላ ሊጨምር ይችላል።

የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት መድኃኒት። ቀድሞ ከታወቀ ማሕፀንን ከከፋ ጉዳት ያድናል፤ ዘግይቶ ሲገኝ ግን በሽታው ቢድንም ጠባሳው ሊቀር ይችላል። የመዘግየት ዋጋው ይህ ነው።

ሕክምናና ክትትል

ቲቢ ያልሆነው ሥር የሰደደ የሽፋን መቆጣት በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ይታከማል። በብዛት የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ሲሆን ብዙ ጊዜ ለ14 ቀናት በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትወስደውም። መንስኤው የአባላዘር በሽታ ከሆነ ባልም አብሮ ይታከማል፤ አለዚያ ሚስት ድና እንደገና ትያዛለች። ከሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ናሙናውን ደግሞ ሊያይ ይችላል። ሽፋናቸው የዳነላቸው ሴቶች ሕመሙ ከቀጠለባቸው ይልቅ የማርገዝና ጽንሱን የማጽናት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህ ግን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ለባለትዳሮችም እንዲሁ ሊነገራቸው ይገባል።

የካህናትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ሐና በቤተ መቅደስ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰክራለች ብሎ ነበር። ልቧን ካወቀ በኋላ ግን በሰላም ባርኮ ሸኛት። ከዚህ የምንማረው በውጭ በሚታየው ብቻ እንዳንፈርድ ነው። በውስጥ ያለውን ሕመም ለማወቅ መጠየቅና ማስመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በየአጥቢያው የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ልጅ ዘገየብን ብለው ለሚመጡ ባለትዳሮች የንስሐ አባት አስቀድሞ “ሁለታችሁም ተመርምራችኋል?” ብሎ ይጠይቅ። የፍቺ ሐሳብ ሲነሣም የሁለቱ ምርመራ ሳይፈጸም እንዳይቸኩሉ ይምከር።

ሁለተኛ፣ ጸበልና መድኃኒት እንደ ተቃራኒ አይቅረቡ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። መንገዱ ለዚህም ሕመም ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ በጾም ወራት መድኃኒት እንዳይቋረጥ ጥንቃቄ ይደረግ። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውኃ የሚወሰድ፣ ጨጓራ ለሚያመው ደግሞ ከምግብ ጋር የሚሰጥ ነው። የንስሐ አባት ለታመመች ልጁ ስለ ጾሟ ሰዓት ግልጽ ፈቃድ ቢሰጣት መድኃኒቷን በድብቅና በፍርሃት ከመውሰድ ያድናታል።

አራተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈራል መሄድ እንዲለመድ ይደረግ። ናሙና መውሰድና የፓቶሎጂ ምርመራ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኝ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለመካንነት ሕክምና የተለየ ማእከል አለ። ከሩቅ ለሚመጡ ችግረኞች ሰበካ ጉባኤው የመጓጓዣና የማደሪያ ድጋፍ ቢያደርግ ትልቅ ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ። ድጋፍ የተሰጣት ሴት ስሟና ሕመሟ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይጻፍ፤ በዐውደ ምሕረትም አይነገር።

ስድስተኛ፣ መከላከል ይሰበክ። በጤና ተቋም መውለድ፣ ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ መታከም፣ ከጋብቻ በፊት መመርመር የነገዋን እናት ማሕፀን ይጠብቃሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ልጅ የዘገየባቸው ባለትዳሮች መጀመሪያ የሚሄዱት ወዴት ነው? ወደ ሐኪም የሚደርሱትስ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?

2. ባሎች አብረው እንዳይመረመሩ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ይህን በማስረዳት ረገድ የትኞቹ አባቶችና ሽማግሌዎች ሊረዱን ይችላሉ?

3. በአቅራቢያችን ካለው ጤና ጣቢያ ጋር የሚገናኝ፣ ምስጢር ጠባቂ የሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከመካከላችን መምረጥ እንችላለን?

ሦስተኛው ጥያቄ በዚሁ ስብሰባ መልስ ቢያገኝ ደስ ይለናል። ሁለት ሰዎች ተመርጠው አድራሻቸው በንስሐ አባቶች እጅ ከገባ፣ በዚህ ሩብ ዓመት አንዲት እኅት እንኳ ያለ ወቀሳ፣ ከባሏ ጋር ሆና፣ በጊዜው ልትመረመር ትችላለች።