«ጠላሁት» እና «አስጠላኝ»፦ ጥላቻን በጽሑፍ ስለምንገልጽባቸው ቃላት

በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ከሚቀርቡት አጫጭር ልቦለዶች መካከል ስለ ጥላቻ የሚያወሩት ጥቂት አይደሉም። የእንጀራ እናት፣ ምቀኛ ጎረቤት፣ በርስት የተጣሉ ወንድማማቾች በየዓመቱ ይመጣሉ። ጥላቻው ግን አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ይጠላው ነበር» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ተገልጾ ያልፋል። ጸሐፊው ይህ አልበቃ ሲለው «እጅግ በጣም» ይጨምራል፤ ያም ካልበቃው «አምርሮ» ይላል። አማርኛ ግን በዚህ በኩል ድሃ ቋንቋ አይደለም። ከዚህ በታች ጥቂት ቃላትን እያነሳን ስናይ ትኩረታችን በቃሉ ጥንካሬ ላይ ሳይሆን ቃሉ የጥላቻውን ባለቤት ማን እንደሚያደርግ ላይ ይሆናል።

ከመሠረቱ እንነሳ። «ጠላ» የግእዙ «ጸልአ» ነው። ሰይጣን በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ጸላኤ ሠናያት»፣ ማለትም መልካም ነገርን የሚጠላ፣ የሚባለውም ከዚሁ ነው። «ጠላት»፣ «ጥል» እና «ጥላቻ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አሁን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እናነጻጽር፦

አልማዝ አጎቷን ትጠላለች።
አልማዝን አጎቷ ያስጠላታል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቷ አልማዝ ናት፤ ጥላቻው የራሷ ሥራ ነው። በሁለተኛው ባለቤቱ አጎትየው ሲሆን አልማዝ ተሳቢ ሆናለች። አንድም ነገር አላደረገችም፤ ተደረገባት እንጂ። «ቀፈፈኝ»፣ «ዘገነነኝ»፣ «አንገፈገፈኝ»፣ «አቅለሸለሸኝ»፣ «መረረኝ» የሚሉት ሁሉ የተሠሩት በዚሁ መልክ ነው። የሚጠላው ሰው በግሱ መጨረሻ ላይ በ«ኝ» ተለጥፎ ይቀራል፣ ልክ «ራበኝ» እና «አመመኝ» እንደምንለው። ለራበው ሰው ረሃቡ ጥፋቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ «ይህ ልጅ አስጠላኝ» ሲል ስሜቱን ከመናገሩ በተጨማሪ ራሱን ነጻ እያወጣ ነው፤ ጥፋቱን ለልጁ ሰጥቷል። «ይህን ልጅ ጠላሁት» ያለ እንደሆነ ግን ነገሩን በራሱ ላይ ወስዷል። ሁለቱን ቃላት እያቀያየረ የሚጽፍ ተማሪ ገጸ ባሕርዩ ሰበበኛ ይሁን ግልጽ ሰው ገና አልወሰነም ማለት ነው።

በንግግር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊት ለፊት «እጠላሃለሁ» መባባል በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። የተጣሉ ሰዎች «አልወድህም» ይላሉ፤ ሲብስም «ዓይንህን ላፈር» ይባባላሉ። «ስሙን ቄስ ይጥራው» የሚለው እርግማን «ጠላ» የሚል ቃል የለበትም፣ ነገር ግን ቄስ የሰውየውን ስም የሚጠራው በፍትሐቱ ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ምን እንደተባለ ግልጽ ነው። አንዳንድ ልቦለድ ውስጥ ባልና ሚስት «እጠላሃለሁ!» «እኔም እጠላሻለሁ!» ሲባባሉ ስናነብ ከውጭ ፊልም ተተርጉሞ የመጣ ነው እንዴ ያሰኘናል።

«ቂም» ከሁሉም ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። ጥላቻ ያለ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ያላወቅነውን ሰው ገና ስናየው እንጠላ ይሆናል። ቂም ግን ያለፈ በደል ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት አብረውት የሚሄዱት ግሶች ይለያሉ፦ ቂም ይያዛል፣ ቂም ይቋጠራል። በነጠላ ጫፍ እንደሚቋጠር ሳንቲም ተደብቆ ይቀመጣል፤ «ጥላቻ ቋጠረ» ግን አንልም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረትም የቆመው በዚሁ መደበቅ ላይ ነው። እንግዲህ በልቦለዱ መጀመሪያ ላይ «ቂም ይዞበት ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው የበደሉን ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ለአንባቢ ሊነግር ዕዳ ገብቷል። አንባቢ ይጠብቃል እኮ!

«ጠመደ» የሚለው ከእርሻ የመጣ ነው። በሬ የሚጠምድ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ከበሬው ኋላ አይለይም፤ «አለቃዬ ጠምዶኛል» ስንልም ሰውየው ከኋላችን እንደማይጠፋ እየተናገርን ነው። «ጥርስ ነከሰብኝ» የሚለው ግን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ነው። ንቀት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አሽከር ጌታውን ሊጠላ ይችላል፣ ከናቀው ግን በሐሳቡ ከሱ በላይ ወጥቷል።

ንቀትን ለመግለጽ ደግሞ ቅጽል ፍለጋ ከመሄድ የሰዋስው መደቡን መቀየር ይሻላል። እስከ ትናንት «እርስዎ» ሲባሉ የኖሩ ሽማግሌ አንድ ቀን «አንተ» ቢባሉ አንባቢው ያለ ምንም ማብራሪያ ይደነግጣል። ወንድን በሴት አንቀጽ ጠርቶ «ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» ማለትም እንዲሁ ነው። በርግጥ እናት ትንሹን ልጇን «አንቺ» የምትለው በፍቅር ነው፤ ስለዚህ ተናጋሪውና ቦታው አስቀድመው መታወቅ አለባቸው።

እስካሁን ያየናቸው ግሶች ቢያንስ አንድ ነገር ይቀራቸዋል፦ በባለቤትነትም ይሁን በተሳቢነት የሚጠላው ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገኛል። ስም ላይ ስንደርስ ግን ይጠፋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየስብሰባውና በየሬዲዮው ይነገሩ የነበሩትን «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮት» የሚሉትን እንመልከት። በአንዳቸውም ውስጥ ጥላቻ የሚል ቃል የለም፤ ማን ማንን እንደጠላ አይታወቅም። ሰውየው በቃ «አናርኪስት» ነው፣ የተፈጥሮው ያህል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግስ «እርምጃ ተወሰደበት» ነበር፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ «እርምጃ» ነው። የጠላውም የገደለውም ሰው በሰዋስው ውስጥ የሉም። ዛሬም ሰዎችን በጅምላ «አረም» ወይም «ጅብ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። «እጠላቸዋለሁ» ቢል ኖሮ «ለምን?» ብለን ልንጠይቀው እንችል ነበር፤ «አረም» ካለ ግን ጥያቄው ወደ ማረም ዞረ።

ይህ ለክፍላችን ተማሪዎች የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን ጋዜጠኛ የሚሆኑ አሉና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲሆን ጥቃት ከደረሰ ይከብዳል። ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜናና ለትንታኔ፣ ለኪነ ጥበብ ሥራ ግን አዋጁ ቦታ ትቷል። ስለዚህ ጥላቻን መግለጽና ጥላቻን መንዛት በጽሑፍ ላይ እንዴት እንደሚለዩ ማወቅ ይኖርብናል። ሁለት አጻጻፎች እንይ፦

እነዚያ አረሞች ወደ ገበያ ወጡ።
ታደሰ «አረሞች» የሚላቸው ጎረቤቶቹ ወደ ገበያ ወጡ።

በመጀመሪያው ስድቡ የተራኪው ሆኗል፤ አንባቢም ከተራኪው ጋር እንዲሳደብ ተጋብዟል። በሁለተኛው ቃሉ ወደ ታደሰ አፍ ተመልሷል፣ ሰዎቹም «ጎረቤቶቹ» ሆነው ቀርተዋል። ትምህርተ ጥቅሱ ብቻውን ግን አይበቃም። ጽሑፉ በሬዲዮ ሲነበብ ትምህርተ ጥቅስ አይሰማም፤ ስለዚህ «የሚላቸው» የሚለው ቃል መጻፍ አለበት።