በብዙ ሱቅ ያለውን ዕቃ በአንድ ገጽ ስለ መቁጠር

ነጋዴው ሱቁ አንድ ብቻ በሆነ ጊዜ «ይህ ዕቃ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መደርደሪያውን አይቶ ይመልሳል። ሱቆቹ በዝተው ገዢውም በኢንተርኔት የሚያዝ ሲሆን ግን «አለ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የት እንዳለና ለማን ሊደርስ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አገር አንድ የጫማ ነጋዴ በሎስ አንጀለስ መጋዘን፥ በሳንዲዬጎና በቺካጎ ደግሞ አንዳንድ ሱቅ አለው እንበል። ከአንድ ዓይነት ጫማ በመጋዘኑ 2፥ በሳንዲዬጎ 3፥ በቺካጎ 5 ጥንድ ይገኛል። የቺካጎው ሱቅ ግን መጥቶ ለሚወስድ እንጂ በፖስታ ልኮ አይሸጥም። እንግዲህ ነጋዴው በገጹ ላይ «10 ጥንድ አለ» ብሎ ቢጽፍ ድምሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጫማው በፖስታ እንዲላክለት የከፈለው 6ኛው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ ሱቆቹን በቡድን መለየት ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት መለያው የከተማ ቅርበት ሳይሆን ሱቁ የሚሰጠው አገልግሎት መሆን ይገባዋል። በምሳሌያችን የሚልኩት ሁለቱ ተጣምረው 5 ያሳያሉ፤ ቺካጎ ለብቻው ይቆማል።

ማጄንቶ የሚባለው የኢንተርኔት መሸጫ ፕሮግራም በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው 2.3 እትሙ ይህን አሠራር አስገብቷል። ዕቃው የሚቀመጥበትን ስፍራ «ምንጭ»፥ የምንጮቹን ቡድን «ክምችት» ብለን እንጥራቸው። አንድ ድረ ገጽ ከአንድ ክምችት ጋር ብቻ ይያያዛል፤ አንድ ምንጭ ግን በብዙ ክምችት ሊገባ ይችላል። ትእዛዝ ሲመጣ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ያህል በክምችቱ ስም ይይዛል እንጂ ከምንጩ አይቀንስም፤ ከምንጩ የሚቀነሰው ዕቃው ሲላክ ነው። ለገዢው የሚታየውም ከድምሩ ላይ የተያዘው ሲነሣ የሚተርፈው ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ለሳንዲዬጎ ሰዎች ሁለተኛ ድረ ገጽ ከፈተ፤ የከተማውንም ሱቅ በሁለተኛው ክምችት ደግሞ አስገባው። በፊተኛው ገጽ 5ቱም ጥንድ ቢታዘዙ፥ ይህ የተያዘው በፊተኛው ክምችት ስም ስለሆነ፥ ሁለተኛው ገጽ ጫማዎቹ እስኪላኩ ድረስ «3 አለ» ማለቱን አይተውም። ያን ጊዜ ለአንድ ጫማ ሁለት ሰው ይከፍላል።

የሚሻለው አንዱን ምንጭ በአንድ ክምችት ብቻ ማስገባት ነው። ይህ ካልተቻለ ፕሮግራሙ ከሚያሳየው ብዛት ጥቂት ጥንድ አስቀድሞ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል። ሱቁ ገብቶ ጫማ አንሥቶ የሚከፍል ሰው ባለበት ስፍራ፥ በተለይም የገንዘብ ተቀባዩ መዝገብ ማታ ማታ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፥ ይህ መጠባበቂያ ሰፋ ማለት አለበት።