የወጥ ቤት ጢስና የልጆቻችን ሳንባ

በዚህች ጽሑፍ ልናስረዳችሁ የምንወደው በየቀኑ እያየነው እንደ ጠላት ስለማንቆጥረው ስለ ጢስ ነው።

በየመንደሩ እየዞርን ቤት ስንጎበኝ ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አለ። እናቲቱ ሕፃኗን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች። መስኮት የለም፤ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል። ሕፃኑ ሲያስል «ጉንፋን ነው፣ ይተወዋል» ይባላል። ሁልጊዜ ግን ጉንፋን አይደለም።

እስቲ ቀና ብላችሁ ጣራችሁን ተመልከቱ። ያ ጥቀርሻ ከጢሱ የመጣ ነው። ጣራውን እንዲህ ያጠቆረ፣ ስንተነፍሰውማ ምን ያደርገን ይሆን? በጢስ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ብናኞች አሉ። እነዚህ እስከ ሳንባ ውስጠኛው ክፍል ይገቡና ሳንባ ራሱን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክማሉ። ያን ጊዜ የበሽታ ተሕዋስያን በቀላሉ ገብተው የሳንባ ምች ያስነሣሉ። የሕፃን ሳንባ ገና ያልጠና በመሆኑ ጉዳቱ ይብስበታል። እናቲቱንም ከብዙ ዓመት በኋላ የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያገኛታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ከ237,000 የሚበልጡት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ጢስ የሚገድለው በገጠር ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ ወር 1952 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ከየቤቱ ምድጃና ከፋብሪካዎች የወጣ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተደባልቆ 5 ቀን ሙሉ ከተማውን ሸፈነ። በመጀመሪያ የሞቱት 4,000 ያህል ናቸው ተባለ፤ በኋላ ግን እስከ 12,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገመተ። መንግሥቱም በ1956 የጢስ መከላከያ ሕግ አወጣ። የእኛን ወጥ ቤት ግን የምናስተካክለው እኛው ራሳችን ነን።

«ጢስ ጣራውን ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ቤቱንም ያሞቃል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ያረጀ ሣር በአዲስ ሣር ይተካል፤ የልጅ ሳንባ አይተካም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ቢቻል ማብሰያው ከመኝታ ቤቱ ተለይቶ ይሠራ። ይህ ካልተቻለ አባወራው ከምድጃው በላይ፣ ከጣራው ሥር ጢስ መውጫ ይክፈት፤ ትኩስ ጢስ ወደ ላይ ይወጣልና። በትይዩም መስኮት ይኑር።

2ኛ/ እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑ አይታዘል። አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ደጅ ትያዘው።

3ኛ/ እርጥብ እንጨት አታንድዱ። እንጨቱ ተፈልጦ በፀሐይ ይድረቅ። ባቄላና ሽምብራ አድሮ ይዘፍዘፍ፤ ድስቱም ይከደን፤ ቶሎ ይበስላል።

4ኛ/ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ጢሱ መውጫ ካላገኘ ምድጃው ብቻውን አይበቃም።

5ኛ/ ከሰል አንድዳችሁ፣ በር ዘግታችሁ ከቶ አትተኙ። ሽታም መልክም የሌለው መርዝ አለው፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

6ኛ/ የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ አያምልጣችሁ።

የሚያስል ልጅ ሲኖር ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገለጥ አድርጉና፣ በሰዓት ወይም በስልክ 1 ደቂቃ ሙሉ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ተመልከቱ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በመንገድም ጡት አትከልክሉት።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» ብላችሁ አታስቆርጡ። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ከሁሉም የከፋው ግን ልጁ መድኃኒት የሚያገኝበት ጊዜ ያልፋል። የሳንባ ምች በጊዜው ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው። የታዘዘውንም መድኃኒት ልጁ ተሻለው ብላችሁ ሳታቋርጡ ጨርሱ።

እናቶች ሆይ፤ ነገ ምጣዱን ስትጥዱ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፣ ሕፃኑንም ከጢሱ አርቁ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።