ስኳር ድንች ያለ አፈር፦ ከመትከል በፊት ሒሳቡ

ስኳር ድንችን ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ አልምቶ ቅጠሉንም ሥሩንም ስለመሸጥ ከዳንግላና ከእንጅባራ ጥያቄ በዝቶብኛል።

1. ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ይቀጥናል። ለሥሩ ፖታሽየም ጨምሩ።
2. ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ አትዝፈቁት፣ ጠጠር ላይ ትከሉት።
3. ለጋ ጫፉን ብቻ ልቀሙ፤ ሐረጉን ከመለጣችሁት ሥሩ አይሞላም።
4. እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ያለ ላስቲክ ቤት ብርዱ አያሳድገውም። ዳንግላ ትሻላለች።
5. የስኳር ድንች ቅጠል እንደ ጎመን ይቀቀላል፤ የተራው ድንች ቅጠል ግን መርዝ ነው፣ እንዳይምታታ።

በሥሩ ዋጋ በአፈር ከሚያመርቱት ከወላይታና ከሲዳማ ጋር አትወዳደሩም። እኔ ብሆን ቅጠሉን ይዤ ሆቴሎች ጋ እሄዳለሁ። እሱም እንደ ቡና መጋዘን አይቆይም፤ ገዢ ሳይያዝ አይቆረጥ።