ረግረግ ምን ይጠቅመናል?

ክበባችን ቦንጋ አካባቢ ያለውን የአለምጎኖ ረግረግ ቀኑን ሙሉ ጎብኝቶ የተማረውን እነሆ!

ረግረግ ውሃ የሚተኛበት ለጥ ያለ መሬት ነው። ክረምት ላይ ጎርፉን እንደ ስፖንጅ ይመጥና በጋ ላይ ቀስ እያለ ለወንዝ ይለቀዋል። የኛ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይሄዳል።

ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚበቅለው ረግረግ ላይ ነው። ራሷ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት ወፍም ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ሣር መሃል ነው።

ካፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ታዲያ ቦይ ቀደን ብናደርቀው፣ ባሕር ዛፍ ብንተክልበት፣ ቄጠማውም ወፏም የት ይሄዳሉ?

የቤት ሥራ፦ በሰፈራችሁ ድሮ ረግረግ የነበረ፣ አሁን ግን የደረቀ ቦታ አለ? አያቶቻችሁን ጠይቁና ለክበባችን ንገሩን።