ሂት ፓምፑ ቆሟል፤ ሙሉውን ልቀይር?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የማከራያት ቤት አለችኝ። የ18 ዓመቱ ሂት ፓምፕ በዚህ ብርድ ቆመ። ባለሙያው «ሙሉው ይቀየር» አለ፤ አቅሜ ግን ውስን ነው።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ተከራዮችዎ በብርድ እንዳያድሩ። ቴርሞስታቱ ላይ «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚል ካለ ያብሩት፤ መብራት ይበላል፣ ግን ፋታ ይሰጣል።

ከዚያ ሌላ ባለሙያ ጠርተው ካፓሲተር የሚባለውን ዕቃ በመለኪያ ያስፈትሹ። የውጭው ማሽን እያጓራ ማራገቢያው የማይዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚህች የለስላሳ ጣሳ የምታህል ዕቃ ነው። አናቷ ካበጠ አልቆላታል። ዋጋዋ ከአዲስ ማሽን ጋር በፍጹም አይወዳደርም፤ ይህ ሳይታይ «ይቀየር» የሚልዎትን አይመኑ።

ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ከሞተ ግን ለጥገና ገንዘብ አያፍስሱ። በተለይ ጋዙ አር-22 ከሆነ፣ አሜሪካ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ማምረትና ማስገባት ስለከለከለች ውድ ነው። የውጭውን ብቻ ቀይረው የውስጡን ልተወው አይበሉ፤ አዲሶቹ በሌላ ጋዝ ስለሚሠሩ ከአሮጌው ጋር አይገጥሙም። መቆጠብ ያለብዎት ከማሽኑ ዓይነት ነው፦ ለኪራይ ቤት ባለ አንድ ፍጥነቱ ይበቃል። ሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። በርካሽ ብለው የሜሪላንድ ፈቃድ የሌለው ሰው አያስገቡ፤ ዋስትናውንም እንደተገጠመ ያስመዝግቡ።